እውነት ወይስ ተረት? ሊቨርዎርት «የዕፅዋት ዓለም እንቁራሪት» ነውን?

ባዮሎጂ የተማረ ሰው አንድ አባባል ሳይሰማ አይቀርም፤ ሞስና ሊቨርዎርት የተባሉት ትንንሽ ዕፅዋት «የዕፅዋት ዓለም እንቁራሪት አስተኔዎች» ናቸው የሚል። አባባሉ ለመያዝ ቀላል ነው፤ ለፈተናም ይመቻል። እንቁራሪት ግማሽ ዕድሜዋን በውሃ፣ ግማሹን በየብስ ታሳልፋለች፤ ሊቨርዎርትም የብስ ላይ እየኖረ ለመራባት ውሃ ይሻል። ስለዚህ ሁለቱም ከውሃ ወደ ምድር በሚወስደው መንገድ መሐል የቀሩ፣ ጉዟቸውን ያልጨረሱ ፍጥረታት ናቸው ይባላል። ከዚህ ውስጥ አንዱ ነጥብ እውነት ነው። የቀረው ግን ሁለቱንም ፍጥረታት በትክክል እንዳናያቸው ይጋርደናል፤ በእኔ እምነት ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ነገሩን በጥቅሉ ከመዳኘት በደንብ የተጠኑ ሁለት ዝርያዎችን ጎን ለጎን ማየት ይሻላል። ከእንቁራሪቶች በደቡባዊ አፍሪካ ኩሬዎችና ግድቦች የምትኖረውን ባለጥፍሯን ዜኖፐስ ሌቪስን እንውሰድ። ምላስ የላትም፤ ምግቧን በፊት እጆቿ ወደ አፏ ትጠርጋለች፤ በእያንዳንዱ የኋላ እግሯ ሦስት ጣቶች ላይ ጥቁር ጥፍር አላት። ከሊቨርዎርቶች ደግሞ ካርል ሊኔየስ በ1753 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመዘገቡትን ማርካንቲያ ፖሊሞርፋን እንይ። ግንድ፣ ቅጠልና እውነተኛ ሥር የለውም። መሬት ላይ ተለጥፎ፣ ጫፉ በየጊዜው ለሁለት እየተከፈለ የሚያድግ ጠፍጣፋ አረንጓዴ አካል ነው። በምንጭ ዳር፣ በእርጥብ ግድግዳ ሥር፣ በችግኝ ማሰሮ አፈር ላይ ይገኛል። ሁለቱም በቤተ ሙከራዎች ስማቸው የገነነ በመሆኑ ስለ እነሱ የሚታወቀው ብዙ ነው፤ የሚወራውም እንዲሁ።

«ሁለቱም ግማሽ ዕድሜያቸው በውሃ፣ ግማሹ በየብስ ነው»

ተረት ነው፤ ለሁለቱም። ዜኖፐስ እጭ ሳለችም ካደገችም በኋላ ኑሮዋ ውሃ ውስጥ ነው። በጎኗና በጭንቅላቷ ዙሪያ እንደ መርፌ ስፌት ተደርድረው የሚታዩ፣ የውሃን ንቅናቄ የሚለዩ የስሜት አካላት አሏት። ዓሦችም ተመሳሳዩ አላቸው። አብዛኞቹ እንቁራሪቶች ከእጭነት ሲወጡ ይህን ያጡታል፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች። ውሃው ደፍርሶ ዓይን በማይሠራበት ጊዜ በዚህ አማካይነት አዳኟንም ታዳኟንም ትለያለች።

ያም ሆኖ የምትተነፍሰው በሳንባ ነው። ውሃ ውስጥ እየኖረች አየር ለመሳብ በየጊዜው ወደ ላይ ትወጣለች፤ እጮቿም ቢሆኑ ስንጥብ እያላቸው ገና በለጋ ዕድሜያቸው አየር መሳብ ይጀምራሉ። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አንዳንዴ በየብስ ተጉዛ ሌላ ኩሬ ትፈልጋለች። የብስ ለእሷ መተላለፊያ እንጂ መኖሪያ አይደለም።

ማርካንቲያ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከስፖሩ ከበቀለበት ቀን ጀምሮ የብስ ላይ ነው የሚኖረው። የላይኛው ገጹ በጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን በእያንዳንዱ ክፍል አናት አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ሥር የምግብ ማዘጋጃ ሴሎች አየር በተሞላ እልፍኝ ውስጥ ቆመዋል። ይህ አሠራር የተበጀው ለአየር ነው። ውሃ በብዛት ይፈልጋል ማለትና በውሃ ውስጥ ይኖራል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመማሪያ መጻሕፍቱ አባባል የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው።

«ሁለቱም ያለ ውሃ አይራቡም»

እውነት ያለው እዚህ ነው፤ እሱም ቢሆን በከፊል። የማርካንቲያ ወንዴና ሴቴ የተለያዩ ተክሎች ናቸው። ወንዴው ከጠፍጣፋው አካሉ ላይ አጭር አገዳ አውጥቶ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ክብ ነገር ይዘረጋል፤ ሴቴዋ ወደ ታች ያጎነበሱ ጣቶች ያሉት ጥላ የመሰለ ነገር ታወጣለች። ዝናብ ወንዴው ላይ ሲያርፍ የወንዴ ዘሮቹ ከጠብታው ጋር ይረጫሉ፤ ሁለት ሁለት ጅራት ስላላቸው በስስ የውሃ ሽፋን ውስጥ ዋኝተው እንቁላሏ ዘንድ ይደርሳሉ። ዜኖፐስም ያለ ውሃ አትራባም፤ ወንዱ ከኋላ ወገቧን አቅፎ ይይዛታል፣ እንቁላሎቹን ስትጥል ዘሩን ውሃው ውስጥ ይለቅባቸዋል። እስከዚህ ድረስ አባባሉ ትክክል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙዎች ዘልለውት ያልፋሉ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው እሱ ነው። የዜኖፐስ እንቁላሎች በውሃ ተክሎችና በድንጋይ ላይ ተለጥፈው ያለ ጠባቂ ይቀራሉ። እናትየዋ ዞራ አታያቸውም፤ እንዲያውም የራሷን ዝርያ እንቁላልና እጭ መብላቷ በሰፊው የታወቀ ነው። የማርካንቲያ ጽንስ ግን ከእናቱ አካል አይለይም። እንቁላሉ በተፈጠረበት ቦታ ሆኖ ከእናቱ ምግብ እየተቀበለ ያድጋል፤ ሲበስል ስፖሮቹን ይበትናል። ጽንስን በእናት አካል ውስጥ መመገብ የየብስ ዕፅዋት ሁሉ የጋራ መለያ ነው፤ ሊቨርዎርትም ከስንዴና ከዋርካ ጋር ይጋራዋል። ስለ ጽንስ አያያዝ ከተነሣ፣ ይህ ተክል ከባለጥፍሯ እንቁራሪት ይልቅ ለአጥቢ እንስሳት የቀረበ ነገር አለው። ስፖሮቹም ሲበተኑ ደረቅ አየር ነው የሚፈልጉት። በመካከላቸው የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሴሎች አሉ፤ እነዚህ አየሩ ሲደርቅ እየተፍተለተሉ ስፖሮቹን ያላቅቋቸዋል፣ ነፋስም ይወስዳቸዋል።

በተጨማሪም ማርካንቲያ ያለ ወንዴና ሴቴ መራባት ይችላል። ጀርባው ላይ ክብ ጽዋ የመሰሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ ውስጣቸው እንደ ወላጃቸው አረንጓዴ የሆኑ ጠፍጣፋ ቡቃያዎች ይጠራቀማሉ። የዝናብ ጠብታ ጽዋው ውስጥ ሲወድቅ ቡቃያዎቹ ተፈናጥረው ይወጣሉ፤ በወደቁበት ይተከላሉ። እያንዳንዳቸው የወላጃቸው ቅጂ ናቸው። ከእንቁራሪቷ ሕይወት ውስጥ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ምንም የለም።

«የእጩ ወደ እንቁራሪት መለወጥና የሊቨርዎርቱ ሁለት ትውልድ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው»

ተረት ነው፤ የተማረ ሰውንም የሚያሳስት ተረት። የዜኖፐስ እጭ አልጌን ከውሃ እያጣራ ይበላል፤ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው ከታይሮይድ ዕጢ የሚወጣው ሆርሞን ይበረታና አካሉ እንደ አዲስ ይሠራል። ጭራው ይሟሟል፣ አንጀቱ ያጥራል፣ እግሮቹ ይወጣሉ፤ ሥጋ በል ይሆናል። ለውጡ ከባድ ቢሆንም ባለቤቱ ያው አንድ ግለሰብ ነው። በእጭነት የነበሩት 36 ክሮሞዞሞች በእንቁራሪትነትም እነዚያው ናቸው።

ማርካንቲያ ላይ የሚለወጥ ግለሰብ የለም። የምናየው አረንጓዴ አካል በእያንዳንዱ ሴሉ ውስጥ አንድ እጥፍ ብቻ፣ ማለትም 9 ክሮሞዞሞች አሉት። በሴቴዋ ላይ የሚያድገው ጽንስ ግን የእናቱንም የአባቱንም ይዞ 18 አለው። እናትና ልጅ ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ ልጅየው ራሱን የቻለ አረንጓዴ ተክል ሆኖ አይወጣም፣ ስፖር አብስሎ እዚያው እናቱ ላይ ይሞታል። ከስፖሩ የሚበቅለው እንደገና ባለ 9 ክሮሞዞም ተክል ነው። እኛ ሰዎች በዚህ ሥርዓት ብንኖር ኖሮ፣ የምንራመደውና የምንናገረው የዘር ሴሎቻችን በሆኑ ነበር። ይህን ከእጭ ለውጥ ጋር አንድ አድርጎ ማስተማር ለተማሪው የባዮሎጂን ትልቅ ምሥጢር መንፈግ ነው።

«ሁለቱም ኋላ ቀር ናቸው፤ የሌሎች አያቶች ናቸው»

ማንም ዛሬ በሕይወት ያለ ዝርያ የሌላው በሕይወት ያለ ዝርያ አያት አይደለም። የእንስሳትና የዕፅዋት የጋራ ቅድመ አያት ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ነበር፤ ከተለያዩም ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ወገኖች እኩል ዘመን ተጉዘዋል። «መሐል መንገድ ላይ ቀሩ» የሚለው አባባል አንዱ ሲሄድ ሌላው እንደቆመ አድርጎ ይነግረናል። የቆመ ግን የለም።

ቀዳሚነትን በተመለከተም ሁለቱ እኩል አይደሉም። የየብስ ዕፅዋት ናቸው የሚባሉት የመጀመሪያዎቹ የስፖር ቅሪቶች 470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ባለአከርካሪ እንስሳት እግር አውጥተው ወደ ምድር የቀረቡት ከዚያ 100 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። የእንቁራሪት ወገን መሆኑ ከታወቀው እጅግ ጥንታዊ ቅሪት አንዱ ማዳጋስካር ላይ የተገኘው ትሪያዶባትራከስ ሲሆን የ250 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ይሰጠዋል።

ሊቨርዎርት የየብስ ዕፅዋት ሁሉ መነሻ ነው የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ሲያስተምሩበት ቆይቷል። አሁን በጂን ንጽጽር የተደረጉ ጥናቶች የሚያመለክቱት ሌላ ነው፤ ሊቨርዎርት፣ ሞስና ዘመዳቸው ሆርንዎርት አንድ ላይ የራሳቸው ቅርንጫፍ ናቸው፣ የቀሩት የየብስ ዕፅዋትም ሌላኛው ቅርንጫፍ። የሌሎች ዕፅዋት ቅጠል ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉት የአየር በሮች በሊቨርዎርት ላይ የሌሉት ገና ስላልደረሰባቸው ሳይሆን ቅድመ አያቶቹ የነበራቸውን ስለጣሉት ነው ብለው የሚያስቡ ተመራማሪዎች ዛሬ ብዙ ናቸው። የማርካንቲያ «ቀላልነት» በከፊል የመቀነስ ውጤት ነው ማለት ነው።

በእንቁራሪቷ ላይ የደረሰው ግልባጩ ነው። የዜኖፐስ ሌቪስ ሙሉ ጂኖም በ2016 ሲታተም፣ ይህች ዝርያ ከ17 እስከ 18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው፣ የሁለቱም ሙሉ ክሮሞዞም አንድ ላይ ቀርቶ የተገኘች መሆኗ ተረጋገጠ። ለአንድ ሥራ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ጂን አላት። አንዱን ቢያጠፉባት ሌላው ይሸፍናል፤ ጂን ለሚያጠና ሰው ይህ ራስ ምታት ነው። ለዚህ ነው ብዙዎች ለጂን ጥናት 20 ክሮሞዞም ብቻ ወዳላት ዘመዷ ወደ ዜኖፐስ ትሮፒካሊስ የዞሩት። ማርካንቲያ በተቃራኒው የተወደደው በነጠላነቱ ነው። በ2017 የታተመው ጂኖሙ 19,000 ገደማ ጂኖች ያሉት ሲሆን፣ በሌሎች ዕፅዋት ብዙ ቅጂ ያላቸው የመቆጣጠሪያ ጂኖች እዚህ በአንድ ወይም በጥቂት ቅጂ ይገኛሉ። አንዱ ሲጠፋ ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ክብሩም የቆየ ነው፤ በ1986 የክሎሮፕላስቱ ጂኖም ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ ከትንባሆ ጋር በዓለም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነበሩ።

«ክሎኒንግ የተጀመረው በበጓ በዶሊ ነው»

አይደለም። ዶሊ በ1996 የተወለደች፣ ካደገ እንስሳ ሴል የተቀዳች የመጀመሪያዋ አጥቢ ናት። ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድመው እንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ከዜኖፐስ እጭ አንጀት የሴል ኒውክለስ ወስደው፣ የራሱ ኒውክለስ ከሥራ ውጭ በሆነ እንቁላል ውስጥ በማስገባት ጤነኛ እንስሳ እንዲያድግ አድርገዋል። ዋናውን ጽሑፋቸውን ያወጡት በ1962 ነው፤ በ2012 ከጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከእሳቸውም በፊት በ1952 አሜሪካውያኑ ብሪግስና ኪንግ በሌላ እንቁራሪት ኒውክለስ ማዛወር ችለው ነበር። ማርካንቲያ ግን ያለ መርፌና ያለ ማይክሮስኮፕ በየዝናቡ ራሱን ይቀዳል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ የተሳሳተ እምነት አለ፤ እንቁራሪት የተቆረጠ እግሯን መልሳ ታበቅላለች የሚል። የዜኖፐስ እጭ የተቆረጠ ጭራና በለጋነቱ የተቆረጠ እግር መተካት ይችላል። ያደገችው እንቁራሪት ግን በተቆረጠው ቦታ የምታወጣው መገጣጠሚያና ጣት የሌለው ሹል የቅርጫጭት እሾህ ብቻ ነው። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አምስት መድኃኒቶች የያዘ ክዳን ለአንድ ቀን ቁስሉ ላይ በማድረግ፣ ከወራት በኋላ ወደ እግር የቀረበ አካል እንዲበቅል ማድረግ እንደተቻለ አሳይቷል። ማርካንቲያ ደግሞ የትኛውም የአካሉ ቁራጭ ቢወድቅ ሙሉ ተክል ይሆናል፤ ጀርመናዊው ኸርማን ፈክቲንግ ይህን በ1885 በዝርዝር ጽፈውታል።

«ጉበት ይመስላል፤ ስለዚህ ለጉበት ይፈውሳል»

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ፈጣሪ በእያንዳንዱ ተክል ላይ የሚፈውሰውን አካል ምልክት አኑሯል የሚል ትምህርት ነበር። ሊቨርዎርት ቅርጹ እንደ ጉበት የተከፋፈለ ስለሆነ ለጉበት በሽተኛ ይሰጥ ነበር። መልክ ማስረጃ አይሆንም። ከማርካንቲያ የተለዩ እንደ ማርካንቲን ያሉ ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ ሴሎች ላይ ተሞክረዋል፤ ከዚያ ተነሥቶ ግን ተክሉን ቀቅሎ መጠጣት ጉበት ያድናል ማለት አይቻልም። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው በእንዲህ ዓይነት ነገር ጊዜውን ቢያባክን የሚጎዳው ራሱ ነው።

የእንቁራሪቷ ቆዳ ታሪክ ትክክለኛው መንገድ ምን እንደሚመስል ያሳያል። በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ማይክል ዛስሎፍ ቀዶ ሕክምና ያደረጉላቸውን ዜኖፐሶች ንጹሕ ያልሆነ ውሃ ውስጥ ሲመልሷቸው ቁስላቸው ሳይመረቅዝ መዳኑ አስገረማቸው። መርምረውም ከቆዳዋ ባክቴሪያ የሚገድሉ ማጋይኒን የተባሉ አጫጭር ፕሮቲኖች አገኙ፤ በ1987 አሳተሙት። እዚህም ላይ ግን ወሬው ከእውነቱ ቀድሟል፤ ከዚሁ የተሠራው የስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ቅባት በ1999 የአሜሪካን መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ ሳያገኝ ቀርቷል።

«ለእርግዝና ምርመራ እንቁራሪቷ ትገደል ነበር»

የምትገደለው አይጥ ነበረች፤ አይጧን የተካችው ጥንቸልም እንዲሁ። በ1920ዎቹ መጨረሻ በጀርመን በተጀመረው ምርመራ የሴትየዋ ሽንት አይጥ ላይ ይወጋና አይጧ ተገድላ ዕንቁልጢዋ ይታያል። እንቁራሪቷ ይህን አስቀረችው። ተመራማሪው ላንስሎት ሆግበን ኬፕ ታውን ሳሉ የፒቱታሪ ዕጢ ቅማም የተወጋች ዜኖፐስ እንቁላል እንደምትጥል አስተዋሉ። ከዚያ ተነሥተው በ1934 የእርግዝና ምርመራውን በኔቸር መጽሔት ያሳተሙት የደቡብ አፍሪካዎቹ ሻፒሮና ዝዋረንስታይን ናቸው፤ ምርመራው ግን በሆግበን ስም ቀረ። ከእንግዴ ልጅ የሚወጣው ሆርሞን በእንቁራሪቷ ዕንቁልጢ ላይ እንደራሷ ሆርሞን ስለሚሠራ፣ ሴትየዋ ካረገዘች እንቁራሪቷ በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ከጥቂት ሳምንት ዕረፍት በኋላ ለሌላ ምርመራ ትበቃለች። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ብዙ ሺህ ዜኖፐሶች ከአፍሪካ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሆስፒታሎች ተጭነዋል።

ይህ ንግድ ራሱ አንድ ሌላ ታሪክ ወልዷል። የዓለምን እንቁራሪቶች የፈጀው የኪትሪድ ፈንገስ ከአፍሪካ በዜኖፐስ ተሸክሞ ወጣ የሚለው በ2004 የቀረበ ሐሳብ ነበር፤ መነሻውም በ1938 በተሰበሰበች አንዲት ዜኖፐስ ላይ ፈንገሱ መገኘቱ ነው። በ2018 ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ ፈንገስ ጂኖም ሲነጻጸር ግን መነሻው ወደ ምሥራቅ እስያ፣ ወደ ኮሪያ ልሳነ ምድር አመለከተ። ዜኖፐስ በሽታውን ተሸክማ ብዙም ሳትታመም መኖር ትችላለችና በማሰራጨት ድርሻ አልነበራትም አይባልም፤ ምንጩ እሷ ናት የሚለው ግን አልጸናም።

«ቆዳቸው ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይጠፋሉ»

ስለ እነዚህ ሁለቱ ሲነገር ስህተት ነው። ማርካንቲያ የችግኝ ጣቢያዎችና የመስታወት ቤቶች አስቸጋሪ አረም ነው፤ ደን በተቃጠለበት መሬት ላይም ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ ነው። ዜኖፐስ ሌቪስም ከቤተ ሙከራና ከእንስሳት ንግድ አምልጣ በካሊፎርኒያ፣ በቺሊ፣ በፈረንሳይና በሲሲሊ ተስፋፍታለች፤ ካሊፎርኒያ እሷን መያዝ በሕግ ከልክላለች። በገዛ አገሯ እንኳ በኬፕ አካባቢ ብቻ የምትገኘውን ዘመዷን ዜኖፐስ ጊሊን እየበላቻትም እየተዳቀለቻትም ለመጥፋት አደጋ አጋልጣታለች።

ተረቱን እውነት የሚያደርገው የዘመዶቻቸው ሁኔታ ነው። በኢትዮጵያ የዜኖፐስ ወገን የሆኑ ዝርያዎች አሉ፤ ዜኖፐስ ክሊቪ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ትገኛለች፣ ዜኖፐስ ላርጌኒ ደግሞ ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም። የኋለኛዋ ስሟን ያገኘችው የአገራችንን እንቁራሪት አስተኔዎች ለዓመታት ካጠኑት ከእንግሊዛዊው ማልኮም ላርጅን ነው። ከአገሪቱ እንቁራሪት አስተኔዎች ከሦስት እጅ አንዱ በላይ የሚሆኑት በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም፤ ኪትሪድ ፈንገስም በደጋዎቻችን እንቁራሪቶች ላይ ታይቷል። ላርጅን በ1991 የመዘገቧት ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ የባሌ ተራሮች ጅረቶች ዳር ብቻ የምትኖር ትንሽ እንቁራሪት ናት፤ በወገኗ ውስጥ ከእሷ ሌላ ዝርያ የለም። ዛሬ እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ከሚገኙት ተመዝግባለች። ዛፉ ሲቆረጥና ከብት ዳርቻውን ሲረግጠው የምታጣው ያንኑ ሞስና ሊቨርዎርት የሚፈልጉትን ጥላና እርጥበት ነው።